ከቆጠራ እስከ ቆጠራ፦ «ዘ ኢስኬፒስትስ» የት ላይ ይበረታል፣ የት ላይ ይደክማል?

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርእሳችን ከእስር ቤት ስለ ማምለጥ የተሠራ ጌም ነው፤ «ዘ ኢስኬፒስትስ» ይባላል። አብዛኞቻችሁ ተጫውታችሁታል፤ ያልተጫወታችሁትም ሌላ ሰው ሲጫወተው ዩቲዩብ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ስለዚህ ማስተዋወቁን አሳጥሬ ወደ ፍሬ ነገሩ እገባለሁ።

ሠሪው ክሪስ ዴቪስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሙሉ ጊዜውን ለጌም ከመስጠቱ በፊት የጣሪያ ሠራተኛ ነበር። ሞልዲ ቱፍ ስቱዲዮስ በሚል ስም ይሠራ የነበረው ለብቻው ሲሆን፣ መነሻ ገንዘቡን ኪክስታርተር ላይ ከሕዝብ አሰባሰበ፤ የተገኘውም ወደ 7 ሺህ ፓውንድ ብቻ ነው። በኋላ ቲም 17 የተባለው አሳታሚ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ገና ሳያልቅ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ መሸጥ ጀመረ፤ ሙሉው በ2015 በኮምፒውተርና በኤክስቦክስ ዋን ወጣ፤ ከዚያ ፕሌይስቴሽን 4፣ ስልክና ስዊች ተከተሉ። የተሠራበት መሣሪያ ክሊክቲም ፊውዥን ነው፤ ኮድ መጻፍ የማይወድ ሰው ሁኔታና ድርጊት እየደረደረ ጌም የሚሠራበት ፕሮግራም። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ያስፈልገናል።

ስለዚህ ጌም የሚጻፈው ግምገማ አብዛኛው ጥሩ ጎኑን በአንድ በኩል፣ መጥፎ ጎኑን በሌላ በኩል ይደረድራል። እኔ እንደዚያ ብከፍለው አይሆንልኝም። ጌሙ የሚወደድበትም የሚሰለችበትም ነገር የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከሰዓት ሰሌዳው። መሬት መቆፈሩ፣ ቁልፍ መቅረጹ፣ አጥር መቁረጡ ሁሉ የሰሌዳው ጥገኛ ነው። ሰሌዳውን ካልተረዳችሁ ጌሙ የዕቃ ለቀማ ይመስላችኋል።

እስቲ ቀኑን እንመልከት። የመጀመሪያውና ቀላሉ እስር ቤት ሴንተር ፐርክስ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቆጠራ አለ፤ እስረኞቹ ተሰብስበው ይቆጠራሉ። ጌሙ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ እኔ ወደኛ መልሼዋለሁ። ከቆጠራ በኋላ ቁርስ፣ ነፃ ጊዜ፣ ሥራ፣ ስፖርት፣ ሻወር፣ እራት፣ እንደገና ነፃ ጊዜ። ማታ 4 ሰዓት የማታ ቆጠራ ይደረጋል፣ 5 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ከእስር ቤት እስር ቤት ዝርዝሩ ይለያያል፤ አጥንቱ ግን ይኸው ነው።

ከዚህ ሰሌዳ ከቀራችሁ «ሂት» የሚባለው የጥርጣሬ መጠን ይወጣል። ከዜሮ ተነሥቶ ወደ መቶ የሚሄድ ቁጥር ነው። ከፍ ሲል ዋርድያዎች ዓይናቸውን ይጥሉባችኋል፤ ጫፍ ሲደርስ ያሯሯጧችኋል፣ ይደበድቧችኋል፤ ከወደቃችሁ የያዛችሁት ክልክል ዕቃ ሁሉ ይወረሳል። ቆጠራ ላይ መቅረት ከሁሉም የከፋ ነው። ቁርስ፣ ስፖርት ወይም ሻወር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቅ ማለት ይበቃል፤ ታይታችሁ ሹልክ ትላላችሁ።

የጌሙ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳው እናንተን ያስራል፤ በዚያው ልክ ግን ሌላው ሰው ሁሉ በየትኛው ሰዓት የት እንዳለ ይነግራችኋል። ሁሉም ሰው መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ የሌሎችን ጠረጴዛ ከፍታችሁ የምትፈትሹት ያን ጊዜ ነው። እስረኞቹ ስፖርት ሜዳ ሲሰበሰቡ ከዋርድያዎቹም የሚበዙት እዚያ ይሆናሉ፤ ኮሪደሩ ይለቀቃል። ሥራ ሲጀመር ልብስ ማጠቢያው፣ እንጨት ቤቱ፣ ብረት ቤቱ ይከፈታል፤ ጣውላና ላሜራ የሚገኘው ከዚያ ነው። ሦስት የጌም ቀን ያህል ምንም ሳይነካ ሰሌዳውን ብቻ የተከታተለ ተጫዋች ካርታውን ብቻ ከሚያውቀው ይበልጥ ያውቃል። ጥበቃን እንቆቅልሽ ያደረጉ ጌሞች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን አንድን ዘብ በአንድ መስመር ላይ ወዲያ ወዲህ ያመላልሱታል። እዚህ የሚንቀሳቀሰው ግቢው በሙሉ ነው።

ወደ ዕቃዎቹ እንሂድ። አንድ ዕቃ ለመሥራት እስከ ሦስት ነገሮች ታዋህዳላችሁ፤ ለእያንዳንዱም የተወሰነ የአእምሮ ነጥብ፣ ማለትም እያነበባችሁ የምታሳድጉት የአቅም ቁጥር፣ ይጠየቃል። ጥምረቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በጤናማ አእምሮ የሚገመቱ ናቸው። ሁለት ትራስና አንድ አንሶላ አልጋ ላይ የተኛ ሰው የሚመስል አሻንጉሊት ይሆናሉ። ሁለት አንሶላ ተቋጥሮ ገመድ ይወጣዋል። ካልሲ ውስጥ ሳሙና ከገባ መምቻ ነው። ጣውላ በሞረድ ሲሳል የመሣሪያ እጀታ ይሆናል። ሁለት ሞረድ በፕላስተር ሲታሰር ደካማ የሽቦ መቁረጫ ይወጣል። ከመመገቢያ አዳራሹ የሚወሰደው የፕላስቲክ ሹካ ግድግዳ ይፍቃል፣ ማንኪያው ይቆፍራል፣ ቢላው ይቆርጣል፤ ግን ቶሎ ያልቃሉ። እያንዳንዱ መሣሪያ የቀረውን ዕድሜ በመቶኛ ስለሚያሳይ፣ አጥሩን ግማሽ ድረስ ቆርጣችሁ መሣሪያው እጃችሁ ላይ ሲያልቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የጌሙን ጥሩ ጠባይ የሚያሳየው የቁልፍ ሥራ ነው፤ ቀረብ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ስቱኮ ያስፈልጋል። የጥርስ ሳሙናና ፓውደር ይዋሃዳሉ። ሁለቱም ክልክል ዕቃ ስላልሆኑ ጠረጴዛችሁ ውስጥ ማስቀመጥ ችግር የለውም፤ ስለዚህ ስቱኮውን አስቀድማችሁ አትሥሩት፣ ጥሬ ዕቃውን ብቻ ያዙ። ቀጥሎ ቁልፍ የያዘውን ዋርድያ መለየት አለባችሁ። የክፍል፣ የመጋዘንና የጥገና፣ የመግቢያ፣ የሠራተኞችና የሥራ ቦታ ቁልፎች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን በር አይከፍትም። ብቻውን የሚሆንበትን ሰዓት ከሰሌዳው ታገኛላችሁ። ትመቱትና ራሱን ይስታል። ከኪሱ ቁልፉን ታወጣላችሁ፣ ስቱኮው ላይ ትጫኑታላችሁ፣ ፎርማው እናንተ ጋ ይቀራል።

ጀማሪ የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው። ቁልፉን ይዞ ይሮጣል። ማድረግ ያለባችሁ ግን እዚያው ቆማችሁ፣ ዋርድያው ሳይነቃ ቁልፉን ኪሱ መመለስ ነው። ቁልፍ መጥፋቱ ከታወቀ ግቢው ይታመሳል፣ የደከማችሁበት ሁሉ ገደል ይገባል። ከተመለሰ ማንም ምንም አያውቅም። ከዚያ ማበጠሪያ በላይተር ታቀልጣላችሁ፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ፎርማው ውስጥ ገብቶ የፕላስቲክ ቁልፍ ይወጣል።

እዚህ ሂደት ውስጥ ስንት ነገር ሊበላሽ እንደሚችል ቁጠሩ። የአእምሮ ነጥባችሁ ካነሰ ዋርድያው መሬት ላይ ተዘርሮ ስቱኮውን መሥራት አትችሉም። ኪሳችሁ ስድስት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ከሞላ ቁልፉን ማንሣት አይቻልም፤ አንድ ነገር መሬት ላይ ጥላችሁ ስትጣደፉ ሌላ እስረኛ ይመጣል። ጉልበታችሁ ካነሰ የምትዘረሩት እናንተ ናችሁ፤ የምትነቁትም ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ላይተር ከሌላችሁ ፎርማውን ይዛችሁ ቀን ሙሉ ልትዞሩ ነው፤ ፎርማ ደግሞ ክልክል ዕቃ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በዕድል የሚሆነው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው የዝግጅት ጉድለት ነው። ተጫዋቹ ሲወድቅ «ጌሙ በደለኝ» ሳይሆን «ቸኮልኩ» ይላል፤ አንድ ጌም ይህን ማስባል ከቻለ ትልቅ ነገር ነው።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ቁፋሮው ላይም አለ። አካፋ መሬት ሲቆፍር አፈር ይወጣል፣ አፈሩም ኪስ ውስጥ ቦታ ይይዛል። የት ትደፉታላችሁ? ብዙ ሰው ሽንት ቤት ይለቀዋል፤ በላይ በላዩ ከለቀቃችሁበት ግን ሽንት ቤቱ ይደፈንና ውኃው ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ዋሻው ሲረዝም በጣውላ ካልተደገፈ አያስቆፍርም። ስለዚህ «ዋሻ እቆፍራለሁ» ያለ ሰው ሳያውቀው እንጨት ቤት ሥራ መቀጠር እንዳለበት ይደርስበታል። በጣሪያው በኩል ላምልጥ ብትሉ ደግሞ የአየር ማስገቢያው ከፍ ያለ ነው፤ ጠረጴዛችሁን ጎትታችሁ ከሥሩ ካላቆማችሁ አትደርሱበትም። ጠረጴዛው ላይ ቆማችሁ በካቻቢቴ ክዳኑን ስትፈቱ የሚያልፍ ዋርድያ ካየ አለቀ። ግድግዳ የፋቀ ሰው ጉድጓዱን መሸፈን አለበት፤ በሶፍትና በማጣበቂያ የተሠራ የወረቀት ሊጥ ከስቱኮ ጋር ሲዋሃድ የግድግዳ ብሎክ የሚመስል ነገር ይወጣል። ሁሉም ዕቃ ሌላ ዕቃ ይጠራል፤ ሁሉም ዕቃ ደግሞ መደበቂያ ይፈልጋል።

ስለ መደበቅ ካነሣን ፍተሻውን ማለፍ አይቻልም። ጠዋት ቆጠራ ላይ ክፍላቸው የሚፈተሽ እስረኞች ስም ይጠራል። ስማችሁ ከተጠራ ዋርድያው ክፍላችሁ እስኪደርስ ትንሽ ፋታ አላችሁ። ያቺን ፋታ መስጠቱ ትልቅ ብልሃት ነው። ስም ሳይጠራ ቢፈተሽ ኖሮ ንጹሕ ዕድል ይሆን ነበር፤ ቀድሞ በመጠራቱ ግን ሩጫ፣ ውሳኔና ድንጋጤ ሆነ። ሞረዱን ነው የማተርፈው ወይስ የቀረጽሁትን ቁልፍ? ልምድ ያለው ተጫዋች ውድ ዕቃውን የራሱ ጠረጴዛ ውስጥ አያቆይም።

አሁን ወደ ሌላው ፊት ልዙር፤ ሰሌዳው ወደሚሰለችበት።

ጌሙ ሦስት የአቅም ቁጥሮች አሉት፦ ጉልበት፣ ፍጥነት፣ አእምሮ። ጣሪያቸው መቶ ነው። ጉልበት ጤናንም ይወስናል፤ ጤናችሁ የጉልበታችሁ ግማሽ ነው። ጉልበት በክብደት፣ ፍጥነት በመሮጫ ማሽን፣ አእምሮ በመጽሐፍና በኮምፒውተር ይጨምራል። ችግሩ አጨማመሩ ላይ ነው፤ ሁለት የኪቦርድ ቁልፎችን እየቀያየሩ መጫን፣ መጫን፣ አሁንም መጫን። ድካማችሁ ሲሞላ ትቆማላችሁ፣ ትበላላችሁ፣ ሻወር ትወስዳላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። የሰበሰባችሁትም ሳትለማመዱ ከቀራችሁ ቀን በቀን ይሸረፋል። እዚህ ውስጥ ምንም ውሳኔ የለም። የቁልፉ ሥራ በየእርምጃው ሲያሳስባችሁ፣ ይኸኛው ጣት ብቻ ያደክማል።

«እስር ቤት እኮ አሰልቺ ነው፣ ሆን ተብሎ ነው» የሚል መከራከሪያ ሰምቼ አውቃለሁ። አይዋጥልኝም። የእስር ቤት መሰልቸት በቆጠራው፣ በጥበቃው፣ በሚደጋገመው ቀን ራሱ ውስጥ በደንብ ተቀምጧል፤ የኪቦርድ ቁልፍ ደጋግሞ መጫኑ የጌሙን ርዝመት ለመሙላት የገባ ነው። ማስረጃው ቀላል ነው፦ የአቅም ቁጥሩን ማሳደግ ያለበት ተጫዋች በዚያ ሰዓት ሰሌዳውን ማየት ያቆማል። የጌሙን ምርጥ ክፍል የሚያስረሳ ክፍል ገብቶበታል ማለት ነው።

እስረኞች የሚጠይቁት ውለታም እንዲሁ ነው። እገሌን ምታልኝ፣ የተወሰደብኝን ዕቃ አምጣልኝ፣ ቆጠራ ላይ ረብሽልኝ። ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ስለ እናንተ ያላቸው አስተያየትም ይሻሻላል፤ በደንብ የወደዳችሁ እስረኛ አብሯችሁ እንዲሰለፍ መጠየቅ ይቻላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ጥያቄዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ሁለተኛው እስር ቤት ላይ ሁሉንም ታውቋቸዋላችሁ። ከእስረኛ እስረኛ የሚለየው ስም ብቻ ይሆናል።

ሌላው ትልቅ ድክመት የአሠራር ዝርዝሩ መደበቁ ነው። በመጀመሪያው ጌም ምን ከምን ጋር እንደሚዋሃድ አይነገራችሁም፤ እየሞከራችሁ ወይም ከእስረኞች የአሠራር ማስታወሻ እየገዛችሁ ታገኙታላችሁ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ውብ ነው፤ ሲጫወቱት ግን ሙከራው ዋጋ ያስከፍላል። ስድስት ኪስ ብቻ ይዛችሁ፣ ዕቃው ክልክል ሆኖ፣ የአእምሮ ነጥቡ በቂ ይሁን አይሁን ሳታውቁ ስንት ጥምረት ትሞክራላችሁ? ያልሠራው ጥምረቱ ስሕተት ስለሆነ ነው ወይስ ነጥብ ስለጎደለ? ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ተጫዋቹ ከጎኑ የአሠራር ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ ይጫወታል። እንቆቅልሽ መልሱ ከጎኑ ተከፍቶ ከተቀመጠ እንቆቅልሽነቱ ቀረ። የጥርስ ሳሙናና ፓውደር የሚሆነውን ራሱ ያገኘ ሰው የሚሰማው ደስታ ትልቅ ነበር፤ ብዙው ተጫዋች ግን ያን ደስታ ሳያገኝ ነው ያለፈው።

ሽንፈቱም ከባድ ነው። ስታመልጡ ከተያዛችሁ ጨለማ ቤት ትገባላችሁ፤ ክልክል ዕቃችሁ ይወረሳል፣ የቆፈራችሁትና የፋቃችሁት ይደፈናል። ቅጣት መኖሩ ልክ ነው፤ ያለ ቅጣት ፍርሃት የለም። ግን ከጨለማ ቤት የወጣ ተጫዋች ወደ አስቸጋሪው ክፍል አይመለስም፤ ሞረድ ወደ መልቀምና የኪቦርድ ቁልፍ ደጋግሞ ወደ መጫን ይመለሳል። ስሕተቱ የተሠራው በአሥር ሴኮንድ ነው፣ ካሳው ግን የብዙ ቀን ለቀማ ነው። በዚህ ላይ የመጀመሪያው ጌም ሴቭ የሚያደርገው አልጋችሁ ላይ ስትተኙ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም፤ ዴስክቶፕ ላይ ለምትጫወቱ፣ ሠፈራችሁ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ካወቃችሁ ትልቁን ዕቅድ ለዚያ ሰዓት አታስቀምጡት። በአንጻሩ ጌሙ ቀላል ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ምንም ችግር ይሄዳል፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ለእኛ ይህ ከሥዕል ጥራት ይበልጣል።

የዋርድያዎቹ አእምሮስ? ሲያዩ ያያሉ፣ ሳያዩ አያዩም፤ ከዚያ አይዘልም። ማንም ሳያይ የተመታ ዋርድያ ሲነቃ «ማነው የመታኝ?» ብሎ አይመረምርም፤ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው ይመለሳል። ድብድቡም ያው ነው፤ ዒላማ ትመርጣላችሁ፣ ቁጥሩ የበለጠው ያሸንፋል። ከሁለትና ሦስት እስር ቤት በኋላ ዋርድያ የሚያስፈራ ጠላት መሆኑ ቀርቶ ቁልፍ የያዘ ሣጥን ይሆናል። በመጀመሪያው ጌም ከሴንተር ፐርክስ እስከ ኤች.ኤም.ፒ. አይረንጌት ስድስት እስር ቤቶች አሉ፤ ሌሎች ደግሞ፣ አልካትራዝን ጨምሮ፣ ለብቻ ተሸጠዋል። እየከበዱ የሚሄዱት ዋርድያው እየበሰለ ስለመጣ አይደለም። አጥሩ ይደራረባል፣ ማማ ላይ ተኳሽ ይቆማል፤ የሰው አእምሮ ግን እንደነበረው ነው።

ሁለተኛው ጌም እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ፤ ቲም 17 ራሱ ከሞልዲ ቱፍ ጋር ሠራው። የአሠራር ዝርዝሩን በግልጽ አስቀመጠው፦ የትኛው ዕቃ ከምን እንደሚሠራና ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅ ታያላችሁ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የኢንተርኔቱን ሰንጠረዥ አስቀርቶ ተጫዋቹን ወደ ሰሌዳው መለሰው። እስር ቤቶቹ ፎቅ ኖራቸው። ከዚህ ሁሉ ትልቁ ግን ኢንተርኔት ላይ እስከ አራት ሰው፣ በአንድ ስክሪን ላይ ሁለት ሰው አብሮ መጫወት መቻሉ ነው። አንዱ መሮጫ ማሽኑ ላይ ሲሆን ሌላው ክፍል ይፈትሻል፣ አንዱ ዋርድያውን ሲያዘናጋ ሌላው ይቆርጣል። ለቀማው ለሁለት ሲከፈል ግማሽ ይሆናል፣ ወሬ ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ ይረሳል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ከሁለተኛው ጌም የሚያገኘው ጥቅም ግን ከሚወራለት ያነሰ ነው።

በሁለተኛው ላይ የተጨመሩት ተንቀሳቃሽ እስር ቤቶች፣ ባቡር፣ አውሮፕላንና መርከብ፣ መድረሻቸው ላይ ሳይደርሱ ማምለጥን ይጠይቃሉ። የጊዜ ገደቡ ለቀማውን ስለሚያሳጥረው ጥሩ መድኃኒት ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ሰሌዳውን የማጥናቱን ትዕግሥትም አብሮ ገደለው። እኔ ከእነዚህ ይልቅ ተራውን ግቢ እመርጣለሁ።

ጥያቄ ሲነሣ የማይቀር ስለሆነ ከእስር ቤት ስለ ማምለጥ ስለተሠራው ሌላ ጌም፣ ስለ «ኤ ዌይ አውት»፣ በአጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ በጆሴፍ ፋሬስ የሚመራው የስዊድኑ ሄዝላይት ስቱዲዮ ሥራ ነው። የግድ ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ አንዱ ከገዛው ሌላው በነፃ አብሮት መጫወት ይችላል፣ ይህ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። ሁለቱ ገጸ ባሕርያት፣ ሊዮና ቪንሰንት፣ ከእስር ቤት ሲያመልጡ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ግድግዳ የሚፍቅበት ክፍል በጣም ጥሩ ነው። ግን ማምለጫው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ተጽፎ አልቋል፤ ተጫዋቹ የሚወስነው በተሰጠው ቦታ መቼ ቁልፍ እንደሚጫን ነው። እስር ቤቱም የታሪኩ የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ነው። ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ይኸኛውን፣ ዕቅድ ለሚወድ ሰው «ኢስኬፒስትስ»ን አስይዙት።

«ኢስኬፒስትስ» ስለ እስር ራሱ የሚለው ነገር አለ ወይ? የለውም ማለት ይቻላል። ፍርድ ቤት የለም፣ ጠበቃ የለም፣ ጠያቂ የለም። እስር ቤት ሲባል ከበር ውጭ ስንቅ ይዞ የሚቆም ቤተሰብ ለሚታየን ለእኛ ዓይነት ሰዎች ይህ ባዶነት ጎልቶ ይታያል። ሁሉም ቀልድ ነው፤ እስረኛው ለምን እንደታሰረ አይጠየቅም። ቀልዱ ጌሙን ቀላል አድርጎታል፣ ልጅም እንዲጫወተው አስችሎታል። ነገር ግን ስታላግ ፍሉክት የተባለው ሁለተኛው እስር ቤት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን የምርኮኞች ካምፕ አምሳል ሲሠራ፣ ያ ቀልድ ትንሽ ይከብዳል።

እዚህ የተቀመጣችሁት ገሚሶቻችሁ ጌም መሥራት የምትፈልጉ ስለሆናችሁ ወደ ሥራ እንግባ። አንድ ጣሪያ ሠሪ፣ ሁኔታና ድርጊት በሚያስደረድር ፕሮግራም፣ በትንሽ ገንዘብ የሠራው ነገር ነውና፣ ሐሳቡን በትንሹ መሞከር ይቻላል። ኮምፒውተር ሳትከፍቱ ጀምሩ። ወረቀት ላይ አምስት ክፍል ሣሉ፦ መኝታ፣ መመገቢያ፣ ሥራ ቦታ፣ ሜዳ፣ መውጫ በር። ቀኑን በስምንት ሰዓት ክፈሉት። ሦስት ዋርድያና አራት እስረኛ አስቀምጡ፤ ለእያንዳንዳቸው በስምንቱም ሰዓት የት እንደሚሆኑ በሰንጠረዥ ጻፉ። የባቄላ ፍሬ በየክፍሉ እያንቀሳቀሳችሁ ቀኑን ሦስት ጊዜ አጫውቱት።

ከዚያ ጌሙን ለማያውቅ ሰው ስጡትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «በአምስተኛው ሰዓት ሥራ ቦታው ውስጥ ማን አለ?» በሦስተኛው ቀን መመለስ ካልቻለ ሰሌዳችሁ የተዝረከረከ ነው፤ ዋርድያ ቀንሱ። በመጀመሪያው ቀን ከመለሰ ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ ከዋርድያዎቹ አንዱ በየሁለት ቀኑ ቦታ እንዲቀይር አድርጉ። ይህን ሳታስተካክሉ ዕቃ አትጨምሩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቶ ዓይነት ዕቃ ይሠራና ዕቃው የሚደበቅበት ሰዓት ስለሌለው ነው።

ዕቃ ስትጨምሩ ከአሥራ ሁለት አትለፉ፤ ከእነሱም ግማሾቹ ብቻቸውን ሲያዙ ንጹሕ፣ ሲዋሃዱ ክልክል ይሁኑ። የጥርስ ሳሙናና ፓውደር ያስተማሩን ይህንን ነው። ኪሱን ጠባብ አድርጉት፤ ስድስት ቦታ ከበዛባችሁ አራት። አንድ አሠራር በስንት ነጥብ እንደሚከፈት ከመጀመሪያው አሳዩ። የአቅም ቁጥር የግድ ያስፈልገናል ካላችሁ፣ ከቁልፍ መጫን ጋር ሳይሆን ከሰሌዳው ጋር እሰሩት፤ ስፖርት ሰዓት ሜዳ ላይ የቆየ ሰው ጉልበቱ ይጨምርለት፣ ሹልክ ያለ ሰው ይቅርበት። ያኔ ሹልክ ማለት ዋጋ ያለው ውሳኔ ይሆናል፣ ጣትም ያርፋል።

ቅጣቱንም አስቡበት። የተያዘ ተጫዋች ዕቃውን ይጣ፣ የቆፈረው ግን እስከ ግማሽ ይቆይለት፤ ወይም ዋርድያዎቹ ያን ጉድጓድ ስላገኙት በየማታው የሚያዩት ቦታ ይሁን፣ ተጫዋቹም ሌላ መንገድ ይፈልግ። ሴቭ ማድረጊያውን ደግሞ በየቆጠራው አድርጉት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው ግማሽ ቀን ብቻ ይሆናል። ጥያቄ ካላችሁ ከኋላ ካሉት እንጀምር።